ቡስት ከማድረጋችሁ በፊት፦ የአካባቢ ንግድን ኦንላይን የማስተዋወቅ ዝርዝር መመሪያ

ብዙ አነስተኛ ንግዶች የኦንላይን ማስታወቂያን ከመጨረሻው ይጀምሩታል። ገጽ ይከፍታሉ፤ አንድ ፖስተር ያሠራሉ፤ ከዚያ ፖስቱን በክፍያ ለብዙ ሰው የሚያሳየውን ቡስት የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ገንዘብ ይከፍላሉ። ላይኩ ይመጣል። ስልኩ ግን አይጠራም። ትንሽ ቆይተው «ኦንላይን ለእኛ ዓይነት ሥራ አይሆንም» ብለው ይተዉታል።

ይህ ያሳዝነኛል። ሥራቸው ጥሩ ነው፤ የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። የአካባቢ ንግድ የሚያስፈልገው በቅርብ ያለና ዛሬ ወይም በዚህ ሳምንት የሚገዛ ሰው ነው። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ራሱ እየፈለጋችሁ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈልጋችሁ ሰው እንዲያገኛችሁ አድርጉ። ካገኛችሁ በኋላ ቶሎ መልስ ስጡት። ገንዘብ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በዚሁ ቅደም ተከተል የሄዱ ናቸው። አብዛኞቹ ምንም አያስከፍሉም፤ ጊዜና ትዕግሥት ግን ይፈልጋሉ።

ደረጃ 1፦ ለማን፣ እስከ የት፣ ምን እንዲያደርግ

ወረቀት አውጡና ሦስት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ ከሁሉም በላይ ጥሩ ትርፍ የሚያመጣላችሁ ሥራ የትኛው ነው? ሁለተኛ፣ ደንበኞቻችሁ ከምን ያህል ርቀት ይመጣሉ? ሦስተኛ፣ ሰውየው ገጻችሁን ሲያይ ምን እንዲያደርግ ትፈልጋላችሁ፤ እንዲደውል ነው፣ መልእክት እንዲጽፍ ነው ወይስ በእግሩ እንዲመጣ?

ለሦስተኛው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ምረጡ። ሁሉም ፖስት፣ ሁሉም ማስታወቂያ ወደዚያ አንድ ነገር ይምራ። «ይደውሉ፣ ይጻፉ፣ ይጎብኙ፣ ላይክ ያድርጉ፣ ሼር ያድርጉ» የተባለ ሰው የቱንም ሳያደርግ ያልፋል።

ደረጃ 2፦ ጉግል ካርታ ላይ በትክክል ተቀመጡ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህኛው ይሁን።

ሰው «በአቅራቢያዬ ያለ መጋረጃ ሰፊ» ብሎ ሲፈልግ ከካርታው ጋር ተደርድረው የሚወጡት ንግዶች መረጃ የሚተዳደረው ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል በሚባል ነጻ አገልግሎት ነው። እስከ 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ጉግል ማይ ቢዝነስ ይባል ስለነበር የቆዩ ቪዲዮዎች በድሮ ስሙ ይጠሩታል። ጉግል ራሱ እንደሚገልጸው፣ ማን ቀድሞ እንደሚታይ በዋናነት የሚወስኑት 3 ነገሮች ናቸው፦ ሥራችሁ ሰውየው ከሚፈልገው ነገር ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም፣ ከእሱ ምን ያህል እንደምትርቁ እና ምን ያህል እንደምትታወቁ። በርቀቱ ላይ ምንም ማድረግ አትችሉም። ሁለቱ ግን በእጃችሁ ናቸው። ማስታወቂያ ተብለው ተለይተው የሚወጡት ሌላ ነገር ሆነው፣ በመደበኛው ዝርዝር ውስጥ ከፍሎ ከፍ ማለት አይቻልም። «አንደኛ ላይ አወጣችኋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ አትመኑት።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

መጀመሪያ የንግዳችሁን ስም ካርታው ላይ ፈልጉ። ደንበኛ ወይም መንገደኛ ቀድሞ አስገብቶት ሊሆን ይችላል። ካለ ሌላ አዲስ አትክፈቱ፤ የዚህ ንግድ ባለቤት ነኝ የሚለውን ተጭናችሁ ያንኑ ተረከቡ። አንድ ንግድ ሁለት ቦታ ሲመዘገብ አስተያየቱም ፎቶውም ይከፋፈላል። ከሌለ ደግሞ በባለቤቱ የጉግል አካውንት አዲስ መዝግቡ። በሠራተኛ ወይም «ሶሻል ሚዲያ እይዝላችኋለሁ» ባለ ሰው ኢሜይል አይከፈት። ለእነሱ የአስተዳዳሪነት ፈቃድ መስጠት ይቻላል፤ ባለቤትነቱ ግን እናንተ ጋ ይቆይ።

ስሙን ታፔላችሁ ላይ እንዳለ ጻፉት። «እገሌ መጋረጃ፣ ምርጥና ርካሽ፣ ፈጣን አገልግሎት» እያሉ ስሙን ማርዘም የጉግልን ደንብ ይጥሳል፤ ፕሮፋይሉን እስከማሳገድ ይደርሳል።

ቀጥሎ ምድብ አለ። ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያልፈው እዚህ ጋ ነው፤ ግን የትኛው ፍለጋ ላይ እንደምትወጡ የሚወስነው በአብዛኛው ዋናው ምድብ ነው። ሰፋ ያለውን ትታችሁ ሥራችሁን በትክክል የሚገልጸውን ጠባቡን ምረጡ። መጋረጃ የሚሰፋ ሰው «ሱቅ» የሚለውን ከመረጠ መጋረጃ ለሚፈልገው ሰው የመታየት ዕድሉን ያጠባል። ከዋናው ሌላ እስከ 9 ተጨማሪ ምድብ ማስገባት ይቻላል፤ የማትሠሩትን ግን አትጨምሩ።

አድራሻው ላይ የካርታውን ምልክት በእጃችሁ ጎትታችሁ በራችሁ ላይ አሳርፉት። ከዚያ ሌላ ሰው ስልኩ ላይ አቅጣጫ ከፍቶ እስከ በሩ እንዲመጣ አድርጋችሁ ሞክሩት። ካርታው ከጀርባ ባለው መንገድ የሚመራ ከሆነ ደንበኛው «ዘግተዋል» ብሎ ይመለሳል። የእናንተ ሥራ ደንበኛው ቤት ሄዶ የሚሠራ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቧንቧ ወይም ኤሌክትሪክ ከሆነ፣ አድራሻውን ደብቃችሁ የምትሠሩባቸውን አካባቢዎች መዘርዘር ትችላላችሁ። እስከ 20 አካባቢ ይቀበላል።

የሥራ ሰዓቱን በእውነት የምትከፍቱበትን አድርጉት። በዓል ሲመጣ ደግሞ ልዩ ሰዓት በሚለው ቦታ አስተካክሉ። ክፍት ነው ተብሎ መጥቶ የተዘጋ በር ያገኘ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። የመግለጫው ቦታ 750 ፊደል ይይዛል። ምን እንደምትሠሩ፣ ለማን እንደምትሠሩ፣ ምን እንደሚለያችሁ ጻፉበት። «ጥራት መለያችን ነው» የሚለውን ተዉት፤ ሁሉም ይለዋል።

ከፎቶ ሁሉ አስፈላጊው የውጭው ነው። ሰው ከሚመጣበት አቅጣጫ ቆማችሁ፣ ታፔላውና አጠገቡ ያለው ሕንፃ አብረው እንዲታዩ አድርጋችሁ አንሱ። ከዚያ ውስጡን፣ ከዚያ የሠራችሁትን ሥራ ጨምሩ። ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ አትጠቀሙ።

በመጨረሻ ማረጋገጫ ይመጣል። በስልክ ይሁን፣ በኢሜይል ይሁን፣ በቪዲዮ ይሁን የሚመርጠው ጉግል ነው። ቪዲዮ ከተጠየቃችሁ ሳታቋርጡና ሳትቆርጡ በአንድ ጊዜ ቅረጹ፤ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይሁን። ከውጭ ጀምሩ፤ መንገዱንና ታፔላውን አሳዩ። በሩን በቁልፍ ስትከፍቱ፣ መሣሪያዎቻችሁንና ዕቃችሁን ስታሳዩ ይታይ። የሚፈለገው ሦስት ነገር ነው፦ ቦታው እዚያ መሆኑ፣ ንግዱ መኖሩ፣ የምታስተዳድሩትም እናንተ መሆናችሁ። የመታወቂያ ወረቀትና የባንክ መረጃ ቪዲዮው ውስጥ እንዳይገባ ተጠንቀቁ።

ደረጃ 3፦ ስም፣ ስልክ፣ አድራሻ አንድ ዓይነት ይሁን

ካርታው ላይ ያለው ስልክ፣ ፌስቡኩ ላይ ያለው ስልክ፣ ታፔላው ላይ ያለው ስልክ አንድ መሆን አለበት። ስሙም እንዲሁ፤ አንድ ቦታ በአማርኛ ሌላ ቦታ በሌላ አጻጻፍ ከሆነ ሰውም ይጠራጠራል፣ የፍለጋ ሞተሮችም ሁለት የተለያየ ንግድ ሊመስላቸው ይችላል። ስልክ ቀይራችሁ ከሆነ የድሮው ቁጥር ያለበትን ቦታ ሁሉ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ አስተካክሉ።

ድረ ገጽ ያስፈልገናል ወይ? በመጀመሪያው ወር የግድ አይደለም። ሥራው መስመር ሲይዝ ግን አንድ ገጽ ብቻ ያለው፣ በራሳችሁ የዶሜይን ስም (የኢንተርኔት አድራሻ) የተከፈተ ድረ ገጽ ቢኖር ጥሩ ነው። ጉግል ከቢዝነስ ፕሮፋይል ላይ በነጻ ይሰጥ የነበረውን ድረ ገጽ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል። በዚያ ብቻ የተማመኑ ንግዶች አድራሻቸው ከእጃቸው ወጣ።

ደረጃ 4፦ አንድ ወይም ሁለት መድረክ ብቻ ምረጡ

አምስት ቦታ ገጽ ከፍቶ ሁሉንም ባዶ ማድረግ ከአለመክፈት ይብሳል። የመጨረሻው ፖስት የዛሬ ዓመት ከሆነ ሰው «ዘግተዋል መሰለኝ» ይላል። ለሚመጡ ደንበኞች «አብዛኛውን ጊዜ የምትጠቀሙት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ወደዚያ ሂዱ።

መድረኮቹ የሚሰጡት ጥቅም ይለያያል። የቴሌግራም ቻናል ለተቀላቀለው ሰው ሁሉ ይደርሳል፤ አዲስ ሰው ግን በራሱ አያመጣም። ስለዚህ የነበረውን ደንበኛ ለማቆየት ነው የሚበጀው። የፌስቡክ ገጽ ፖስት ለተከታዮቻችሁ ሁሉ አይታይም፤ ማን ማየት እንዳለበት የሚመርጠው አልጎሪዝሙ፣ ማለትም የፌስቡክ ሲስተም ራሱ ነው። የአካባቢ ግሩፖቹና የማስታወቂያ አማራጩ ግን ጠንካራ ናቸው። ቲክቶክ ለማያውቃችሁ ሰው ያሳያል፤ ያ ሰው ግን ሌላ ከተማ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የትኛው አካባቢ እንዳላችሁ ቪዲዮው ላይ ጻፉ፣ በአፋችሁም ተናገሩ። ዋትስአፕ ቢዝነስ ነጻ አፕ ነው፤ የዕቃ ካታሎግ፣ ፈጣን መልስና ከሥራ ሰዓት ውጭ በራሱ የሚሄድ መልእክት አለው። ብሮድካስት (አንድ መልእክት ለብዙ ሰው በአንዴ) ስትልኩ አንድ ነገር አስታውሱ፤ አንዱ ዝርዝር እስከ 256 ሰው ይይዛል፣ የሚደርሰው ደግሞ ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ለመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ለዚህ ነው ደንበኛውን «ቁጥራችንን ሴቭ ያድርጉት» ማለት የሚጠቅመው።

እኔ ብመርጥ አዲስ ሰው የሚያመጣ አንድ፣ የመጣውን የሚያቆይ አንድ እይዛለሁ። ከዚያ በላይ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ይከብዳል።

ደረጃ 5፦ ሰው የሚጠይቀውን ፖስት አድርጉ

«ምን ልፖስት?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ስልካችሁ ውስጥ አለ። ያለፉትን የደንበኞች መልእክቶች ክፈቱና ተደጋግሞ የተጠየቀውን ሁሉ ዘርዝሩ። ስንት ቀን ይፈጃል? ዋስትና አለው? ቤት ድረስ ታመጣላችሁ? አሮጌውን ታድሳላችሁ? እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፖስት ነው። አንድ ሰው ከጠየቀው ሳይጠይቅ ዝም ብሎ የሄደ ሌላ ሰው አለ።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። መጋረጃ የሚሰፋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጽፋል፦

«ጥራት ያላቸው ዘመናዊ መጋረጃዎች በተመጣጣኝ ዋጋ! ለበለጠ መረጃ በውስጥ መስመር ያናግሩን።»

ይህ ፖስት ምንም አይናገርም። እንዲህ ቢሆንስ፦

«ይህ መጋረጃ የተሰፋው ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.60 ለሆነ የሳሎን መስኮት ነው። ደንበኛችን ቀን ቀን ብርሃን እንዲገባ፣ ማታ ግን ከውጭ እንዳይታይ ስለፈለጉ ስሱንና ወፍራሙን ደርበን ሰፋን። እጥፉ እንዲያምር ጨርቁ የመስኮቱን ወርድ እጥፍ ወስዷል። ከልኬት እስከ መስቀል 5 ቀን ፈጀ። ጠቅላላ ዋጋው ከታች ተጽፏል፤ መስኮታችሁ ጠበብ ካለ ይቀንሳል። ለልኬት ይደውሉልን።»

ሁለተኛውን ያነበበ ሰው ራሱን እዚያ ቤት ውስጥ ያየዋል። ጨርቁ ለምን እንደበዛ ስለገባው ዋጋውንም ይረዳል። ሲደውል ወስኖ ነው የሚደውለው።

ዋጋን በተመለከተ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ፦ ጻፉት። ተፎካካሪ ያየዋል ብላችሁ አትፍሩ፤ ተፎካካሪያችሁ ደውሎም ሊያውቀው ይችላል። ሥራው እንደ ልኩ የሚለያይ ከሆነ «ከዚህ ይጀምራል» በሉ፣ ወይም የአንድ የተሠራ ሥራ ዋጋ እንደ ምሳሌ አስቀምጡ። ዋጋ የተደበቀበት ፖስት ሥር የሚገዛው ሰው አፍሮ ዝም ይላል፤ የማይገዛው ደግሞ መልእክት ሳጥናችሁን ይሞላዋል።

ለፎቶው ውድ ካሜራ አያስፈልግም። የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። ፍላሹን አጥፉ። ዕቃውን መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አንሱ። ጥገና ወይም እድሳት ከሆነ «በፊት» እና «በኋላ» የሚሉትን ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ርቀት አንሷቸው። ቪዲዮ ሲሆን ስልኩን ቁመቱን ያዙ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንዶች ላይ የሥራው ውጤት ይታይ፤ ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ስለሚያይ ዋናውን ነገር በጽሑፍ አስቀምጡ። የደንበኛ ቤት ወይም ፊት ካለበት ደግሞ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

በየቀኑ ካልፖሰትን ብላችሁ ራሳችሁን አታስጨንቁ። በሳምንት ሁለት፣ ግን ሳይቋረጥ፣ በቂ ነው። ሥራ በማይበዛበት ቀን የሳምንቱን አዘጋጁና በራሱ ሰዓት እንዲወጣ አድርጉት። ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ሜታ ቢዝነስ ስዊት ይህን ይሠራል፤ ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትቆዩ ቀን የመቅጠር አማራጭ ይመጣል።

ደረጃ 6፦ የጻፈላችሁን ሰው አታስጠብቁ

ብዙ ሽያጭ የሚቀረው እዚህ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ሦስት ንግድ በአንዴ ይጽፋል፤ ቀድሞ በቅጡ የመለሰለት ጋ ይሄዳል። ማታ የተጻፈን መልእክት በማግስቱ ከሰዓት መመለስ ደንበኛውን ለጎረቤት ማስረከብ ነው።

መልእክት የሚመልሰው ሰው ይወሰን። ሁሉም ያየዋል የተባለ ስልክ ማንም አያየውም። ለተደጋገሙ ጥያቄዎች አስቀድማችሁ መልስ ጻፉና ፈጣን መልስ ውስጥ አስቀምጡ። ግን በቁጥር ብቻ አትመልሱ። «ዋጋ?» ብሎ ለጻፈ ሰው ዋጋውን ብቻ ጽፎ ዝም ማለት ወሬውን ይዘጋዋል። እንዲህ በሉት፦

«ሰላም፣ ስለጠየቁን እናመሰግናለን። ለ3 ሜትር መስኮት ዋጋው ከዚህ እስከዚህ ይደርሳል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው የጨርቁ ዓይነት ነው። የእርስዎ መስኮት ወርዱ ስንት ነው? መለኪያ ከሌለዎት ፎቶውን ብቻ ቢልኩልን ግምቱን እንነግርዎታለን።»

ጥያቄው ተመልሷል፤ ቀጥሎ የሚደረገውም ቀላል ሆኗል። «አስቤበት እደውላለሁ» ላለ ሰው ስሙን፣ ቁጥሩንና የፈለገውን ነገር መዝግባችሁ ከሁለት ቀን በኋላ አንድ ጊዜ ጠይቁት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ በላይ መነዝነዝ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ አስተያየት ጠይቁ፤ አትግዙ

ካርታው ላይ ያሉት ኮከቦችና አስተያየቶች ሁለት ሥራ ይሠራሉ፦ ሰውን ያሳምናሉ፣ በፍለጋ ውጤቱ ላይም ያግዛሉ። የሚጠየቁበት ሰዓት ግን ወሳኝ ነው። ደንበኛው ሥራውን አይቶ «እሰይ፣ አማረ» ባለበት ቅጽበት ጠይቁት። ቢዝነስ ፕሮፋይላችሁ ውስጥ አስተያየት መጠየቂያ ሊንክና ኪውአር ኮድ አለ። ሊንኩን በመልእክት ላኩለት፤ ኪውአሩን አትማችሁ ሒሳብ የሚከፈልበት ቦታ ለጥፉት። «ስለ ምን መጣችሁ፣ እንዴት አገኛችሁት፣ ሁለት መስመር ጻፉልን» ስትሉት ከኮከብ ያለፈ ነገር ይጽፋል።

ለአስተያየት ቅናሽ ወይም ስጦታ መስጠት የጉግል ደንብ ይከለክላል። ደስ ያለውን ብቻ መርጦ መጠየቅም እንዲሁ ክልክል ነው። የተገዛ አስተያየት ደግሞ ሊሰረዝ ይችላል፤ ባይሰረዝም ያስታውቃል።

መጥፎ አስተያየት ሲመጣ ቶሎ አትመልሱ፤ መጀመሪያ ተረጋጉ። መልሱን የምትጽፉት ለተቆጣው ሰው ብቻ አይደለም፤ ነገ ለሚያነቡትም ሁሉ ነው። ለምሳሌ፦

«ሰላም። ከተባለው ቀን በላይ ስላስጠበቅንዎት ይቅርታ እንጠይቃለን። ጨርቁ ዘግይቶብን ነው፤ ሆኖም አስቀድመን ልንነግርዎት ይገባ ነበር። እንድናስተካክለው እባክዎ በዚህ ቁጥር ይደውሉልን።»

ክርክር የለም፣ የደንበኛው የግል ጉዳይም አልወጣም። አስተያየቱ ስድብ ከሆነ ወይም ከናካቴው ሌላ ንግድ ላይ የተጻፈ ከሆነ ሪፖርት አድርጉት። ስላላስደሰተን ብቻ ግን አይነሳም።

ደረጃ 8፦ አሁን ክፈሉ

እዚህ ከደረሳችሁ ማስታወቂያ የሚያመጣውን ሰው መቀበል ትችላላችሁ። ቡስት ማድረግ ቀላል ነው፤ ግን አማራጩ ጠባብ ነው። የፌስቡክና የኢንስታግራም ማስታወቂያ በዝርዝር የሚሠራበት አድስ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ ብትሠሩት ዓላማውን በደንብ መምረጥ ትችላላችሁ፤ እዚያ ላይ ነው ዋናው ነገር ያለው። ሲስተሙ የጠየቃችሁትን ነው የሚያመጣው፦ ላይክ ከጠየቃችሁ ላይክ ማድረግ የሚወድ ሰው፣ መልእክት ከጠየቃችሁ የመጻፍ ዝንባሌ ያለው ሰው ይፈልጋል። እናንተ የምትፈልጉት መልእክት ወይም ስልክ ነው።

ቦታውን አጥብቡ። ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ርቀት እዚህ አስገቡት። ጉግል ላይ የምታስተዋውቁ ከሆነ አንድ መቼት አለ፤ ዝም ከተባለ አካባቢያችሁ ላይ ላለው ሰው ብቻ ሳይሆን ስለ አካባቢያችሁ ፍላጎት ላሳየ ሩቅ ያለ ሰውም ያሳያል። እዚያው ያለው ሰው ብቻ እንዲያየው አድርጋችሁ ቀይሩት።

አዲስ ፖስተር ከማሠራታችሁ በፊት ያለ ክፍያ ጥሩ ምላሽ ያገኘውን ፖስት ተጠቀሙ። ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ በትንሽ ገንዘብ ጎን ለጎን አሂዱ። በየቀኑ እየገባችሁ አትነካኩት፤ ሲስተሙ ማን እንደሚጽፍላችሁ ለመለየት ጊዜ ይፈልጋል፣ ትልቅ ለውጥ ባደረጋችሁ ቁጥር ከመጀመሪያው ይነሳል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ታገሡት።

ከዚያ ሒሳቡን ሥሩ። 2,000 ብር አውጥታችሁ 40 ሰው ጽፎ 8ቱ ከገዙ፣ አንድ መልእክት 50፣ አንድ ገዢ 250 አስወጥቷችኋል። ከአንድ ሥራ የሚቀራችሁ የተጣራ ትርፍ 400 ከሆነ ቀጥሉ። 180 ከሆነ ደንበኛው ደጋግሞ የሚመጣ ካልሆነ በቀር አቁሙት። ከ40ው የገዛው 1 ብቻ ከሆነ ግን ማስታወቂያውን አትውቀሱ፤ ሰዎቹን አምጥቷቸዋል። ደረጃ 6ን እዩ።

ደረጃ 9፦ የሚቆጠረውን ቁጠሩ

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። ለሚመጣ ሰው ሁሉ «እንዴት አገኙን?» ብላችሁ ጠይቁና ጻፉት፦ ካርታ፣ ፌስቡክ፣ ሰው ነግሯቸው፣ ታፔላ አይተው። ቢዝነስ ፕሮፋይላችሁም ስንት ሰው እንደደወለ፣ ስንት ሰው አቅጣጫ እንደጠየቀ፣ ምን ብሎ ፈልጎ እንዳገኛችሁ ያሳያል። ሰዎች የሚፈልጉበት ቃል እናንተ ከምትጽፉት ከተለየ የእነሱን ቃል ውሰዱ። የተከታይ ብዛትን ለጊዜው እርሱት።

ደረጃ 10፦ አካውንቱን ጠብቁ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ሁሉም አካውንት ላይ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) ዛሬውኑ ክፈቱ። ገጹ ከአንድ በላይ የምታምኑት አስተዳዳሪ ይኑረው፤ የአንዱ ስልክ ቢጠፋ ሌላው ይገባል። «ገጻችሁ ደንብ ጥሷል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል፣ ይህን ሊንክ ይጫኑ» የሚል መልእክት ሲመጣ አትጫኑ፤ የይለፍ ቃል መስረቂያ ነው። የማረጋገጫ ኮድም ለማንም አትንገሩ። የደንበኞቻችሁን ስልክ ከመድረኮቹ ውጭ በሌላ ቦታ መዝግባችሁ ያዙ፣ በየወሩም አድሱት። ገጹን የሚይዝ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ ደግሞ በዚያው ቀን ከአስተዳዳሪዎች ዝርዝር አውጡት፣ የይለፍ ቃሎቹንም ቀይሩ።